ለጎረቤቴ ነው፣ ሲስተር

መጋላ ሰፈር ሽታዬን የሚያውቋት ሁሉ የሚያነሷት በራሷ ላይ በምትስቀው ሳቅ ነው። «ድሬዳዋ ውስጥ ከእኔ የባሰ አዋቂ ነኝ ባይ ካለ አምጡልኝና ጎን ለጎን እንቁም» ትላለች፤ ከዚያ የ1980ውን የሜይ ዴይ ሰልፍ ታሪኳን ትጀምራለች፣ አንድም አሳፋሪ ነገር ሳትዘል። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ሰልፍ በፊት ሽታዬ በራሷ መሳቅ ቀርቶ ሌላ ሰው ፈገግ ሲልባትም የምትታገሥ ሴት አልነበረችም።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች፤ የአራት ልጆች እናት ናት። ባሏ ኃይለጊዮርጊስ በጅቡቲ መስመር የዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነው፤ ሄደ ሲባል አራት አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ይቆያል። ሽታዬ ራሷን የምታውቀው ግን በሌላ ማዕረጓ ነበር፦ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር የጤና ተጠሪ። ክሊኒኩ አምስት ቀን አሠልጥኖ የሰጣት ባለሁለት ማኅተም የምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ ከሠርግ ፎቶዋ ጎን ተሰቅሏል፤ እንዲያውም ከሠርጉ ፎቶ ትንሽ ከፍ ብሎ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ሴቶቹን ሰብስባ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ታስተምራለች። የምትወደው ንግግር አላት። «እናቶች!» ትላለች እጇን አንስታ፣ «ክኒን ማለት ባቡር ማለት ነው። ሰዓቱን ካሳለፍሽው ቆሞ አይጠብቅሽም። በየቀኑ! አንድ ቀን ሳይዘለል! ባል ኖረም አልኖረም!» ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፣ ሽታዬም ጭብጨባውን እስኪያልቅ ቆማ ታዳምጣለች።

ሽታዬ ራሷ ግን ክኒኑን በየቀኑ አትውጥም ነበር።

«ሰውየው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ጅቡቲ ላይ ሙቀት ሲያነድደው እኔ ለማን ብዬ ነው የምውጠው?» ብላ በልቧ ካሰበች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባቡሩ ሲወጣ ታቆማለች፣ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ትጀምራለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ስላልተፈጠረ ዘዴው የሚሠራ መሰላት። አንድ ቀን ላሠለጠነቻት ነርስ ለሲስተር ሳሕራ እንደ ትልቅ ግኝት ልታቀርብላት ሁሉ አስባ ነበር። እስከዚያ ድረስ ያዳናት ዘዴዋ ሳይሆን ዕድሏ ብቻ መሆኑን የነገራት አልነበረም፤ ማን ይንገራት፣ የምትናገረው እሷ፣ የሚያዳምጡት ሌሎቹ!

ነገሩ ደግሞ የቀልድ አልነበረም። አራተኛውን ልጅ ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ሦስት የባቡር ሠራተኞች ደም ሰጥተው ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣት «አምስተኛውን እንዳትሞክሪው» ብሏት ነበር፤ ኃይለጊዮርጊስም አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል።

ሚያዝያ 20 ቀን ሐሙስ ማታ ኃይለጊዮርጊስ ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ከዓይሻ ወዲህ ጎርፍ ሐዲዱን ስለበላው ባቡሩ ተመልሶ ነው። ጊዜው ረመዳን ስለ ነበር ለጎረቤታቸው ለፋርቱን ማፍጠሪያ የሚሆን ተምር ይዞ መጣ፤ ለሚስቱ ደግሞ ናፍቆቱን። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሐዲዱ ተጠግኗል ተባለና ተመልሶ ሄደ።

ሽታዬ አርብ ጠዋት ከአልጋው ሥር የክኒኑን ቆርቆሮ አወጣች። ነጮቹ አልቀዋል። ሰባት ቡናማ ክኒኖች ብቻ ተደርድረው ያዩዋታል። ቡናማዎቹ የብረት ማዕድን መሆናቸውን፣ እርግዝና እንደማይከላከሉ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ስንቴ አስተምራለች! አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና በጣቷ ቆጠረች። የወር አበባዋ ከመጣ ልክ አሥራ አራተኛ ቀኗ ነው። ይህንንም አስተምራለች፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ክብ ሠርታ፣ መሐሉን አጥቁራ፣ «ዋናው አደገኛ ቀን ይሄ ነው፣ እናቶች!» ብላ።

«አንቺ ደንቆሮ» አለች ለሽታዬ ሽታዬ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋርቱን ዘለቀች። ፋርቱን ባሏ የሞተባት፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ የሱማሌ ሴት ናት፤ ቤታቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በጾሙና በሙቀቱ ደክሟት በረንዳው ጥላ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ተጋድማ አገኘቻት። ሽታዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት።

ፋርቱን ብድግ ብላ ተቀመጠች። «ወላሂ አንቺ ነሽ? ያቺ ‹ባል ኖረም አልኖረም› የምትለዋ?»

«እባክሽ ቀስ በይ።»

«አቦ እኔ ምን አውቃለሁ! ገበያ ላይ ሴቶቹ የወባ ክኒን እፍኝ ሙሉ ነው የሚውጡት ይላሉ። እኔ ግን አላየሁም፤ ያሉትን ነው የምልሽ።»

ሽታዬ ቤቷ ገብታ የወባውን ክኒን ከመሳቢያ አውጥታ መዳፏ ላይ ዘረገፈችው። ይህን ክፍል ስታወራ ሁልጊዜ ድምጿ ይለወጣል። ምክንያቱም መዳፏን ዘግታ ውኃ ልትቀዳ ተነሥታ ነበር። የመለሳት የምስክር ወረቀቷ አይደለም፤ የትርንጎ ፊት ነው። ትርንጎ እዚያው ፈትል ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት፤ አምና እንዲሁ በጨነቃት ጊዜ የወባ ክኒን በእፍኝ ውጣ፣ ዓይኗ ጨልሞ፣ ልቧ ሊቆም ደርሶ፣ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝታ ነው የወጣችው። እርግዝናው ግን አልወረደላትም ነበር። ጆሮዋም ከዚያ ወዲህ እንደ ማሽን ይጮኽባታል። ሽታዬ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሳቸው መለሰቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ክሊኒክ ደረሰች። ሲስተር ሳሕራ አምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሳቅ የማታበዛ የሐረር ሴት ናት። ሽታዬ መንገዱን ሙሉ «ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ» የሚል ንግግር ስታዘጋጅ መጥታለች። ነርሷ ፊት ስትቀመጥ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ሲስተር፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ።»

«እሺ።»

«ትንሽ ሞኝ ቢጤ ናት። ክኒኑን የምትውጠው ባሏ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው።»

ሲስተር ሳሕራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቺ አላስተማርሻትም?»

«አስተምሬአታለሁ እንጂ! በየስብሰባው ከፊት ነው የምትቀመጠው። ግን አይገባትም። ጭንቅላቷ ድንጋይ ነው።»

«እንደዚህ አትበያት። ብዙ ሴት ያደርገዋል። ባሏ መቼ ነው የመጣው?»

«ሐሙስ ማታ። ሲስተር፣ አሁን ምንም አይደረግላትም አይደል?»

«ይደረግላታል» አለች ሲስተር ሳሕራ። «ይህን ናይሮቢ ለሥልጠና ሄጄ ነው የተማርኩት፤ እዚህ ገና ብዙ ሰው አያውቀውም። ይኸው የምናውቀው ነጩ ክኒን በርከት ተደርጎ በሁለት ዙር ይወሰዳል። እስከ ሦስት ቀን ድረስ ይቻላል፤ በፈጠነ ቁጥር ግን ይሻላል። የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ ነበር?»

«ልክ አሥራ አራት… መሰለኝ፤ እንደዚያ ያለችኝ ይመስለኛል።»

«እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ያውቃል? ዓይኗ ቢጫ ሆኖ? ብርቱ ራስ ምታት ያማታል?»

«የለባትም።»

«በደንብ ታውቂያታለሽ።»

«ቅርብ ለቅርብ ነን።»

ሲስተር ሳሕራ ስምንት ነጭ ክኒን ቆጥራ በወረቀት ጠቀለለች። «አራቱን አሁን፣ አራቱን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ። ቁጥሩ ለዚህ ዓይነት ክኒን ነው፤ ከሌላ እሽግ ዝም ብላ ቆጥራ እንዳትውጥ። በርከት ቢል ይበልጥ ይሠራል ብላም እንዳትጨምር፤ መታመም እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። ያቅለሸልሻታል፣ ሊያስመልሳትም ይችላል፤ ስለዚህ እህል ቀምሳ ትውሰደው። በዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ያንኑ ዙር መድገም አለባት።»

«ካረገዘች ያስወርዳል?»

«አያስወርድም። የሚሠራው እርግዝናው ሳይጀመር ነው። ቀድሞ አርግዛ ከሆነ ግን እሷንም ሆነ ፅንሱን የሚጎዳ ነገር አልታየም። ዋስትና ነው ብለሽም እንዳታታልያት፤ ሊያረግዙ ከነበሩ አራት ሴቶች ሦስቱን ያህል ነው የሚያድነው። ሦስት ሳምንት ቆይታ የወር አበባዋ ካልመጣ ትምጣ። ደግሞ ላለፈው እንጂ ለሚመጣው አይከላከልም። በየጊዜው የሚያደርጉት ነገር አይደለም፤ የየቀኑን በየቀኑ ትውሰድ።»

«እነግራታለሁ።»

«ከቻልሽ ጥሪያትና እዚሁ ውኃ ልስጣት። አሁን ብትውጠው ጥሩ ነው።»

ሽታዬ ወረቀቱን ጨበጠች። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ብርጭቆው አጠገቡ ነው፣ አፏ እዚሁ ፊቷ ላይ ነው። «ሥራ ላይ ናት» አለች።

ሲስተር ሳሕራ ለአፍታ አየቻት። «እንግዲያው ይህንን ንገሪያት። እዚህ ቤት ማንም አይቆጣትም።»

ያን ጊዜ ውጣው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ዙር ማታ አራት ሰዓት ላይ ይውል ነበር፤ ቢያስመልሳትም ከአልጋዋና ከባልዲዋ በቀር የሚያያት አይኖርም። ከሰዓት በኋላ ግን ለሜይ ዴይ ሰልፍ ልምምድ ነበረባት። የማኅበሩን መፈክር ከፊት ይዛ የምትወጣው እሷ ናት፤ ለዚህ ክብር ከሁለት ሴቶች ጋር ተኳርፋለች። «ማታ በረጋ መንፈስ» አለችና ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አዛኑ ተሰምቶ ፋርቱን ስታፈጥር፣ ልክ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ እሷም ከፋርቱን ሰሐን ሁለት ሳምቡሳ በላችና የመጀመሪያዎቹን አራቱን ዋጠች። ትንሽ አቅለሸለሻት፣ አለፈላት። «ይኸው ነው እንዴ?» አለች ለፋርቱን። «ሲስተር ታጋንናለች።»

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቀሩትን አራት ዋጠች። ቁርስ? ቁርስ አልበላችም። የማኅበሩ ካኪ ልብስ የተሰፋላት ከአራተኛው ልጅ በፊት ስለነበረ ወገቡ ላይ ያለው ቁልፍ የሚገባው በባዶ ሆድ ብቻ ነው። እህል ቀምሳ ትውሰደው የተባለው ደግሞ ለዚያች ሞኝ ጎረቤቷ እንጂ ለጤና ተጠሪዋ አልመሰላትም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባቡር ጣቢያው አደባባይ በሰው ተሞልቷል። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትለበልባለች። የቀበሌው ሴቶች ከክብር ትሪቡኑ ፊት ለፊት ተሰልፈው ቀይ ጨርቃቸውን ዘርግተዋል፦ «ሴቶች በምርትም በጤናም ግንባር ቀደም ናቸው!» በስተቀኝ ያለውን እንጨት ፋርቱን ይዛለች፤ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ በአፏ ያልዞረ ጾመኛ ናት፣ ግን እንደ ቴሌፎን እንጨት ቀጥ ብላለች። በስተግራ ያለውን ሽታዬ ይዛለች። ሽታዬ ጆሮዋ ዙሪያ ላብ ሲያጠምቃት ተሰማት። ከንፈሯ ደነዘዘ። ትሪቡኑ ራሱ ወደ ግራ ዘመም አለባት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ክፍሌ ሰልፉን ሊያስተካክሉ በመስመሩ ፊት እያለፉ ነበር። ነጭ ጫማ አድርገዋል። «ጓድ ሽታዬ፣ ከፍ አድርጊው! ጤና የሚለው አልታየም!» አሉና ቀረብ አሉ።

ሽታዬ ከፍ አደረገችው። አብሮት ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ ከፍ አለና ነጩ ጫማ ላይ አረፈ።

ሽታዬ እንባዋ እየወረደ አፏን ልትጠርግ የሆነ ጨርቅ ያዘች፤ ጠረገች። ቀና ስትል እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ቀይ ነው፣ «ሴ» የሚለው ፊደልም ረጥቧል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጓድ ክፍሌ ጫማቸውን እያዩ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። ትሪቡኑ ላይ ሰዎች ወደዚህ አንገታቸውን አስግገዋል። «በሠራተኛው ቀን! ትሪቡን ፊት! ተቃውሞ ነው?»

«ሆዴ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሆድሽ ምን ብሎ ነው የሚቃወመው?»

ያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀልድ የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም። ይህን ጊዜ ፋርቱን፣ ለሊቀመንበርም ለሼኽም «አንተ» ከማለት በቀር ሌላ የማታውቀው ፋርቱን፣ እንጨቱን እንደያዘች ጮኸች፦

«አቦ ተዋት! አርግዛ ነው! ሴት አርግዛ ስታስመልስ አይተህ አታውቅም?»

ከኋላ አንዷ እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለች። ሰልፉ ሁሉ እልልታ ሆነ። የጓድ ክፍሌ ፊት ቀስ እያለ ተፈታ። «እንዲህ ነው እንዴ… እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጓድ። ለእናት አገር አንድ ጀግና ጨመርሽ» አሉና እጇን ሊጨብጡ ዘርግተው፣ እጇን አይተው መለሱ። ከሰልፈኛው መሐል «ቤተሰብ ምጣኔ ቀረ ማለት ነው?» ያለች ድምፅ ተሰማች። ሽታዬ የማን ድምፅ እንደሆነ ለይታዋለች፤ እስከ ዛሬም አልነገረቻትም።

ሁለት የሰልፍ አስተባባሪዎች ክንዷን ይዘው የመጀመሪያ ዕርዳታ ድንኳን ውስጥ አስገቧት። ድንኳኑ ውስጥ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀው ሲስተር ሳሕራ ነበረች። ሰዎቹ ሲወጡ የድንኳኑን መጋረጃ ዘጋች።

«ጎረቤትሽ እንዴት አደረች?»

ሽታዬ አቀረቀረች። «አስመለሳት፣ ሲስተር።»

«ከዋጠች ምን ያህል ቆይታ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ቁርስ በልታ ነበር?»

«አልበላችም።»

«ለምን?»

«ቀሚሷ ጠበባት።»

ሲስተር ሳሕራ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሽታዬ ያቺ ሴት ስትስቅ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ስታይ የራሷም ሳቅ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ መጣ። «ሲስተር» አለች፣ «ጎረቤት የለችኝም።»

«አውቃለሁ። ያለችሽ ጎረቤት ፋርቱን ናት፣ እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።»

ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ብስኩት፣ አንዲት የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ክኒንና በወረቀት የተጠቀለሉ አራት ነጭ ክኒኖች አወጣች። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ ይዛቸው ነበር። መጀመሪያ ማስታገሻውን አስዋጠቻት። ግማሽ ሰዓት ያህል አስተኛቻት፤ ከዚያ ሽታዬ ብስኩቱን እያኘከች አራቱን ደገመች። ጾመኛዋ ነርስ ብስኩቱን እየቆረሰች በእጇ ትሰጣታለች። ውጪ ማርሽ ባንዱ እየመታ ያልፋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሲስተር ሳሕራ።

«የምስክር ወረቀቱን መልሺ የሚሉኝ መስሎኝ።»

«ምን ልሠራበት?»

ክኒኑ በዚህ ዙር ረጋ። ወሬው ግን አልረጋም። የጅቡቲ መስመር ባቡሩ ዕቃ የሚያንቀሳቅሰውን ያህል ቴሌፎኑ ሐሜት ያንቀሳቅሳል። ኃይለጊዮርጊስ አዲጋላ ጣቢያ ላይ እንዳለ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አምስተኛ!» ተባለ፤ ጓደኞቹ ሻይ ጋበዙት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲደርስ ግን የመጣው ደስ ያለው ሰው መልክ ይዞ አይደለም። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል።

«ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው?» አላት። «ከአዲጋላ እስከዚህ ደምሽ ነው ዓይኔ ላይ የነበረው።»

ሽታዬ አስቀመጠችውና ሁሉንም ነገረችው፦ የሁለት ዓመት ዘዴዋን፣ ቡናማዎቹን፣ ጎረቤቷን፣ ነጩን ጫማ። ኃይለጊዮርጊስ ጫማው ጋ ስትደርስ ሊስቅ ቃጣው፤ ዋጠው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ባቡር ላይ ሰዎቹን አንቺን እየጠቀስኩ ሳስተምር ነው የከረምኩት። ‹የእኔ ሚስት ባል ኖረም አልኖረም› እያልኩ።»

«ወይ ጉዴ!»

«ሰማታር የሚባለው ቴክኒሻን በዚህ ምክንያት ሚስቱን አስጀምሯታል።»

«በየቀኑ ትውጣለች?»

«በየቀኑ።»

«ያቺን ሴት አሳየኝ፤ ወረቀቴን ለእሷ ልስጥ» አለች ሽታዬ። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ኃይለጊዮርጊስ ግን ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረበትና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጉዞው መነሻ ክኒኗን ከቆርቆሮው አውጥቶ ውኃ ቀድቶ ይሰጣታል፤ እሱ በሌለ ጊዜ ደግሞ ከየጣቢያው ደውሎ በፋብሪካው ስልክ አገናኝ በኩል «ዋጠች ወይ?» ብሎ ያስጠይቃል። ስልክ አገናኟ የምን መድኃኒት እንደሆነ ስላልተነገራት ሽታዬ የሳንባ በሽተኛ ናት ብላ አስወርታለች።

ቀናቱ አልገፋ አሉ። ከአራት ሦስት፣ ከአራት ሦስት እያለች ማሽኗ ፊት ትቆማለች። አራተኛዋ እኔ ብሆንስ? ሴቶቹ ደግሞ አላስቀመጧትም፤ አንዷ ተልባ ታመጣለች፣ አንዷ ወንበር ትስብላታለች፣ አለቃዋ ከባድ ጥቅል አታንሺ ይላታል። አልዋሸችም፣ ግን አላስተባበለችምም፤ ለጊዜው ወንበሩ ተመችቷት ነበር።

ግንቦት 6 ቀን፣ ልክ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል፣ ሆዷን ቆረጣት። መጸዳጃ ቤት ገብታ አየች፤ የወር አበባዋ መጥቷል። ወጥታ ማሽኖቹ መሐል ቆማ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች። በማሽኑ ጫጫታ ማንም አልሰማትም። ለዒድ ስትጣደፍ ያገኘቻትን ፋርቱንን ሴቶቹ የሰጧትን ተልባ ሁሉ አሸከመቻት፣ ፋርቱንም አቅፋ አዟዟረቻት። ሲስተር ሳሕራ ደግሞ የሰማችውን በመዝገቧ ላይ ጽፋ፣ የየቀኑን እንዳታቋርጥ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀቻት።

አሁን የቀረው እርግዝናው ነበር፤ አገር ያወቀው እርግዝና። የሰኔው የማኅበሩ ስብሰባ ሲደርስ ሽታዬ አንድ ውሸት አዘጋጅታ ሄደች፦ «ወረደብኝ» ልትል። አዝነውላት ያልፋል። ተነሥታ ቆመች፤ ጓድ ክፍሌም አዲስ ጫማ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። አፏን ስትከፍት የኋላ ወንበር ላይ ትርንጎን አየቻት፤ ጆሮዋ ስለሚጮኽባት እጇን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ እንዲሰማት አንገቷን አስግጋ።

«እናቶች» አለች ሽታዬ፣ «አላረገዝኩም። ያኔም አላረገዝኩም ነበር። ያስመለሰኝ የገዛ ትዕቢቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሴቶቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ቀጥሎ ፈገግ አሉ፤ «ጭንቅላቷ ድንጋይ ነው» ያለችበት ላይ ስትደርስ ወንበር ላይ የቀረ አልነበረም። ጓድ ክፍሌ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሽታዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ስለ ወባው ክኒን፣ መዳፏ ላይ ስላስቀመጠችው እፍኝ ተናገረች። የትርንጎን ስም አላነሣችም። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ባሏ ሊመጣ ሲል ብቻ የምትውጥ፣ እጇን ታንሳ።»

ማንም አላነሣም። ሽታዬ የራሷን እጅ አነሣች። አንዲት የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ግማሽ ክንዷን አነሣች፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። አሥራ አንድ እጅ። አንዷ ያቺ ከሰልፉ መሐል «ቤተሰብ ምጣኔ ቀረ ማለት ነው?» ብላ ያሾፈችባት ነበረች።

ትርንጎ ደግሞ ተነሥታ፣ ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እንደ እሷ የማይሰማ ይመስል፣ «ያ ባለአራቱ ነገር አምናም ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀች። «ነበር» አለቻት ሽታዬ። «እኔም አላውቅም ነበር እንጂ።» ትርንጎ ራሷን ነቀነቀችና ተቀመጠች። ከስብሰባው በኋላ ሁለቱ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አብረው ተሻገሩ፤ ያን ዕለት የተነጋገሩትን ሽታዬ ለማንም አታወራም።

በማግስቱ ጓድ ክፍሌ ከፋብሪካው በር ላይ ጠበቋት። ግራና ቀኝ አይተው ጠጋ አሉ። «ጓድ ሽታዬ… ያ፣ አራት አራት ያልሽው… ባለቤቴ ትናንት…»

ድሮ ቢሆን እዚያው ቆማ ክኒኑን ታዝዝላቸው ነበር፤ ከነመመሪያው፣ ከነንግግሩ። «ጓድ ሊቀመንበር» አለች፣ «እኔ ቁጥሩን ባውቅም የማን ሰውነት ምን እንደሆነ አላውቅም። ሲስተር ሳሕራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ባለቤትዎን ይዘዋት ይሂዱ፤ ደግሞ ቁርስ ትብላ።»

ጓድ ክፍሌ ሰዓታቸውን አዩና ወደ ጋሪው መቆሚያ በሩጫ ሄዱ። ሽታዬ ቆማ በዓይኗ ሸኘቻቸውና፣ ፈረቃዋ ሊጀምር ነውና ሻሿን አጥብቃ አስራ ወደ ፈትል ክፍሉ ገባች።